መኪና ይቈጣልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





የምናገርበት ርእስ «መኪና ይቈጣልን?» የሚል ነው። መኪና ስል በጐዳና የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ይሉ እንደ ነበረ ሁሉ እኔም ኮምፒዩተርን ማለቴ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር፣ ሥጋና ደም የሌለው፣ ነገር ግን ከእኛ ጋራ ቃል በቃል እየተመላለሰ ቴአትር የሚጫወት ሰው ቢሠራ፣ ያም ሰው ሲቈጣ፣ ሲደሰትና ሲራራ ብናይ፣ ስሜቱ ከወዴት መጣ እንላለን? ለእኛስ ይጠቅመናል ወይስ ይጐዳናል? ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ሊቃውንት ብዙ የደከሙበት ነው። እኔ ግን ያገኘሁት በቅርብ፣ በእህል በረንዳ ነው።

እንደምታውቁት ሰፈራችን መርካቶ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚህ እንዲዛወር አደረጉ። መርካቶ ማለት በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው፤ በረንዳ የሚለውም ቃል ከእነርሱ የተወረሰ ነው። የኋላ ኋላ ግን ቃሉንም ቦታውንም የራሳችን አደረግነው። እኔ ያደግሁት በእህል በረንዳ ጆንያዎች መካከል ነው። እናቴ በመጋዘን ደጅ ሰፌድና ወንፊት ይዛ የሰው እህል እያበጠረች አሳድጋኛለች። ስለዚህ ፊደል ከመቍጠሬ በፊት የሰው ፊት ማንበብ ተምሬአለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዲት ሸማች ትመጣለች እንበል። ከጆንያው አፍ ጤፍ ዘግና በመዳፏ ላይ ትበትንና እፍ ትልበታለች። «ይህማ ሠርገኛ ነው፤ በማኛ ዋጋ ልትሸጥልኝ ነው?» ትላለች። ነጋዴው ግንባሩን ይቋጥራል። «እናቴ፣ ዛሬ ጧት ከአድአ የገባ ነው። ከዚህ ዝቅ ካልሁ እኔስ ምን እበላለሁ?» ይላል። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላው ትሄዳለች። አሥር እርምጃ ያህል ስትራመድ «ኧረ ነይ፤ ነይ እንጂ እናቴ!» ብሎ ይጠራታል። የነጋዴው ቍጣ ቍጣ አልነበረም፤ የሸማቿም መሄድ መሄድ አልነበረም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ነገር ግን ሁለቱም ድርሻቸውን ካልተጫወቱ ግብይቱ አያልቅም።

ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እህሉ በደረጃ ያልተመደበ ስለ ነበረ በዐይን ሳይታይ መገበያየት እንደማይቻል፣ ስለዚህም የአዲስ አበባ ደላሎች የማይተዋወቁትን ሻጭና ገዢ በእምነት እንደሚያገናኙ አስረድተዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምርት በደረጃና በቍጥር እንዲሸጥ፣ ሰው የሰውን ፊት ሳያይ እንዲገበያይ ለማድረግ ነበር። ለቤቱ ጤፍ የሚሸምት ሰው ግን የነጋዴውን ፊት ማየቱን አልተወም።

እንግዲህ ቴአትርም እንዲሁ ነው። በከተማችን የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በእነዚህ መድረኮች ላይ ተመልካች ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ያጨበጭባል እንጂ የታሪኩን መንገድ አይለውጥም። ነገር ግን ተመልካች የሚገባበት ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ከታዳሚው ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፤ ማን እንደ ተቀመጠና ማን እንደ ተከፋ አይቶ ቃሉን ይለውጣል። አልቃሽም የሟቹን ሥራና የዘመዶቹን ስም ጠይቃ በሙሾዋ ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች። ሟቹን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አላየችው ይሆናል። ታዲያ ለቀስተኛው ያፈሰሰው እንባ ሐሰት ነውን? አይደለም። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባሉ በአሜሪካ የኤም አይ ቲ መምህር ኤላይዛ የተባለ መርሐ ግብር ሠርተው አሳተሙ። ኤላይዛ የምታደርገው ነገር ቀላል ነበረ። ሰው የጻፈላትን ዐረፍተ ነገር ታገላብጥና ጥያቄ አድርጋ ትመልስለታለች። ስለ እናቱ ቢጽፍ ስለ ቤተ ሰቡ የበለጠ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። አንዳችም ነገር አታውቅም ነበር። የሆነ ሆኖ ሥራውን ከመጀመሪያው አንሥታ ስትከታተል የነበረችው የራሳቸው ጸሐፊ፣ ከኤላይዛ ጋራ ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ፣ ብቻዋን እንድትነጋገር እርሳቸው ከክፍሉ እንዲወጡላት ለመነቻቸው። ሰውዬው በዚህ ደንግጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ሰዎችን የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ።

ኤላይዛ ስሜት አልነበራትም፤ ስሜት ያላት ለመምሰል እንኳ አልተሠራችም። ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን ስሜትን ራሱን በሥርዓት ለመቀመር ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1988 አንድሩ ኦርቶኒ፣ ጄራልድ ክሎርና አለን ኮሊንስ የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት ስሜቶችን በ22 ዓይነት ከፍለው አሳዩ። ሐሳባቸውን በእህል በረንዳ ምሳሌ ባስረዳ የሚቀል ይመስለኛል።

ስሜት በሦስት ነገር ይነሣል ይላሉ፤ በደረሰ ነገር፣ በሰው ሥራና በዕቃ። ዝናብ ጆንያውን ቢያበሰብስ ነጋዴው ያዝናል፤ ይህ በደረሰ ነገር የመጣ ነው። ደላላው ቢዋሸው ይነቅፈዋል፤ ይህ በሰው ሥራ የመጣ ነው። ነጭ ማኛ ጤፍ አይቶ ቢወድ ይህ በዕቃው የመጣ ነው። ከጐጃም የተጫነ እህል ቢዘገይበት ይሠጋል፤ በደኅና ሲገባለት እፎይ ይላል። ቍጣ ደግሞ ከሁለቱ የተቀላቀለ ነው፤ ጕዳት ደርሶብናል፣ ጕዳቱንም ያደረሰ ጥፋተኛ አለ ስንል እንቈጣለን። ስለዚህ ሰው በዝናብ ያዝናል እንጂ እምብዛም አይቈጣም፤ ጆንያውን ሳይሸፍን በተኛው ዘበኛ ላይ ግን ይቈጣል።

በዚህ ዓይነት ቀመር በመደገፍ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ቤትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለቴአትር የሚሆኑ የኮምፒዩተር ሰዎችን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ማይክል ማቴያስና አንድሩ ስተርን ፋሳድ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ግሬስና ትሪፕ የተባሉ ባልና ሚስት አሉ። ተጫዋቹ የድሮ ወዳጃቸው ሆኖ ወደ ቤታቸው በእንግድነት ይገባል፤ ባልና ሚስቱ በፊቱ ይጣላሉ፤ እርሱም የወደደውን ቃል እየጻፈ ሊያስታርቃቸው ወይም ሊያባብስባቸው ይችላል። ነገር ቢያበላሽ ከቤት ይባረራል። ከጀርባ ሆኖ ትዕይንቱን የሚመርጥ ሌላ መርሐ ግብር አለ። እርሱም እንደ ቴአትር አዘጋጅ ሆኖ ጠቡ መቼ እንደሚከርርና መቼ እንደሚላላ ይወስናል።

የእኛም ከተማ ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለችም። ሶፊያ የተባለችውን የሰው መልክ ያላት ሮቦት የሠራው በሆንግ ኮንግ ያለው ሃንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ ከመርሐ ግብሮቿ ከፊሉን የሠሩት እዚሁ አዲስ አበባ በአይኮግ ላብስ ያሉ ወጣት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትጐበኝ፣ የአካሏን ከፊል የያዘ ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶ ነበር። በሻንጣው መጥፋት ከሠሪዎቿ መካከል እንቅልፍ ያጣ እንደሚኖር እገምታለሁ። አካሏ የጠፋባት እርሷ ግን አላዘነችም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም።

ወዳጆቼ ሆይ፤ አሁን የራሳችንን ታሪክ ልንገራችሁ።

የኮምፒዩተር ክበባችን ለዚህ በዓል አንድ የእህል ነጋዴ በመስኮት ላይ ለማሳየት አሰበ። ተመልካቹ በአማርኛ እየጻፈ ይከራከረዋል፤ ነጋዴውም ፊቱን እየለዋወጠ ይመልስለታል። በውስጡ አራት ቍናዎች አበጀንለት፤ የቍጣ፣ የደስታ፣ የሥጋትና የርኅራኄ። እያንዳንዱ ቍና ከ0 እስከ 10 ይሞላል። ከተጠራው ዋጋ ከግማሽ በታች ቢሰጡት ቍጣው በ3 ይጨምራል። «ጋሼ» ቢሉት በ1 ይቀንሳል። እህሉን ቢያመሰግኑለት ደስታው በ2 ይጨምራል። ስለ ልጅ፣ ስለ ረኀብ ወይም ስለ ሕመም ቢያነሡበት ርኅራኄው በ2 ይጨምራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

ቋንቋችን ፈተነን፤ ረዳንም። የፈተነን አንዱ ግሥ በብዙ መልክ ስለሚመጣ ነው። ስጠኝ፣ ይስጡኝ፣ ብትሰጠኝ፣ አልሰጥህም የሚሉት ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ለመኪናው ማስረዳት ብዙ ሌሊት ወሰደብን። የረዳን ደግሞ አንተና አንቺ፣ እርስዎም የሚሉት ቃላት ናቸው። ነጋዴአችን ሲጀምር «እማማ፣ ይምጡ፣ ይዩት» ይላል። ቍጣው ከ7 ሲያልፍ ግን «ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» ይላል። ሥዕሉን ሳንለውጥ በአክብሮት ቃል ብቻ ቍጣውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በመጀመሪያው ቀን ግን አፈርን። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጧት መጥቶ ነጋዴውን ሰደበው። የቍጣው ቍና ሞላ። የሚያጐድለው ሕግ ስላልጻፍንለት፣ እንግዳው መለወጡንም ስለማያውቅ፣ እስከ ምሳ ሰዓት የመጣውን ሁሉ ሲያባርር ዋለ። ከተባረሩትም አንዱ የሒሳብ መምህራችን ነበሩ። እርሳቸው ግን ስቀው፣ ቍጣ እንደ ምጣድ ነው፣ እሳቱ ሲወጣ ወዲያው ባይቀዘቅዝም ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ አለበት አሉን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ንግግር ቍናው ሁሉ በ1 እንዲጐድል አደረግን።

ከዚህ በኋላ ነው ከባድ ጥያቄ የመጣው። ከክበባችን አባላት አንዱ እንዲህ አለ፤ «ነጋዴው ሞኝ ነው። ሸማቿ ልጆቼ ይጠብቁኛል ካለች ሳትገዛ አትሄድም ማለት ነው። ብልኅ ነጋዴ ያን ጊዜ ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እውነተኛ ይሁን ካልን ይህንንም እናስተምረው።» ልንከራከረው አልቻልንም፤ በገበያ እንዲህ የሚያደርግ መኖሩን ሁላችን እናውቃለንና። ለውጡም ከባድ አልነበረም። በአንዲት መስመር ላይ የመቀነስን ምልክት አንሥተን የመደመርን አኖርንበት። ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ቀረ። ነጋዴው ከዚያ ወዲያ በክርክር ሁሉ ያሸንፍ ጀመር፤ እኛም አጨበጨብንለት።

በዚያው ሳምንት እናቴ ሥራችንን ለማየት መጣች። እናቴ ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ስለዚህ እርሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የነጋዴውንም መልስ አነብላታለሁ። እንደ ገበያ ቀን ነጠላዋን አስተካክላ በመስኮቱ ፊት ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ጤፉ ስንት ነው?» አለች። ዋጋውን ነገራት። እህሉን አመሰገነች፤ ነጋዴው ፈገግ አለ። ጥቂት ቀንስልኝ አለችው፤ እንቢ አላት። ከዚህ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይህች ልጄ ከትምህርት እንዳትቀር ብዬ ስንት ዓመት ከጆንያ ሥር የፈሰሰውን እየጠረግሁ አበላኋት። ዛሬ ግን በገንዘቤ ልገዛ ነው የመጣሁት» አለችው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። እናቴ ለእኔ ያልነገረችኝን ለሥዕል ነገረችው። እጆቼ በፊደሉ ላይ ደረቁ። ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልሁ ጥቂት አመነታሁና ጻፍሁት። ነጋዴው «ልጅ» የሚለውን ቃል አገኘ፤ ቀመሩን ተከተለ፤ እንዲህም ሲል መለሰ፤ «እንግዲያው ዋጋው ጨምሯል።»

ለማንበብ አፍሬ ዝም አልሁ። እናቴ ግን «ምን አለ?» ብላ ስለ ጠየቀችኝ ነገርኋት። አልተቈጣችም። ጥቂት ሣቅ አለችና፣ «ነጋዴውን አሳምራችሁ ሠርታችሁታል። እንዲህ የሚል አጋጥሞኛል» አለች። ቀጥላም ሥዕሉን አተኵራ ተመለከተችና፣ «የበረንዳው ነጋዴ ግን ይህን ሲናገር ዐይኑን ሰበር ያደርጋል። ይሄ አላደረገም። ዐይነ ደረቅ ነው» አለች።

በዚያች ቃል ብዙ ነገር ተማርሁ። እኛ ቍጣና ደስታ፣ ሥጋትና ርኅራኄ ሰጥተነው ነበር። ኀፍረት ግን አልሰጠነውም። ኀፍረት ከ22ቱ ስሜቶች አንዱ ነው፤ ሰው የገዛ ሥራውን ራሱ ሲነቅፍ የሚሰማው ነው። ሌሎች ብዙ ስሜቶች ሰው በሚደረግበት ነገር ይነሣሉ፤ ይህ ግን ሰው በሚያደርገው ነገር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ሳናስቀምጥ ብልኅነትን ብቻ ብናስተምር የምናገኘው ዐይነ ደረቅ ነጋዴ ነው።

በማግሥቱ ክበባችን ተሰብስቦ ነገሩን መከረበት። ያ ጓደኛችን ምልክቱን ወደ ድሮው እንመልሰው አለ። ሌሎች ደግሞ ሁሉ ደግ የሆነበት ገበያ ውሸት ነው አሉ። በመጨረሻ አምስተኛ ቍና ጨመርን፤ የኀፍረት ቍና። ነጋዴው ችግረኛ ላይ ዋጋ ሲያከብድ ኀፍረቱ በ3 ይጨምራል። ከ5 ሲያልፍ ዐይኑ ዝቅ ይላል፤ ዋጋውን ባይቀንስ እንኳ ምራቂ ይጨምራል። ከዚህም በቀር ሁለት ሌሎች ነገሮች ወሰንን። አንደኛ፣ ጨዋታው ሳይጀመር «ይህ ነጋዴ ሰው አይደለም» የሚል ጽሑፍ በግልጽ እንዲታይ፤ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ እንዲነገረው። ሁለተኛ፣ መርሐ ግብሩ የተጻፈለትን ሁሉ ያከማች ስለ ነበረ፣ እንግዳው ሲነሣ ንግግሩ ሁሉ እንዲጠፋ። ሰው ለመኪና የልቡን እንደሚነግር የዋይዘንባውም ጸሐፊ ካሳየች ብዙ ዓመት አልፏል፤ እኔም በገዛ እናቴ አይቻለሁ። የተነገረን ምሥጢር ማከማቸት ደግሞ የመኪናው ሳይሆን የሠሪው ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መኪና ይቈጣልን? አይቈጣም። በመስኮቱ ላይ ያለው ነጋዴ ዐይኑን ሲሰብር አያፍርም፤ አንድ ቍጥር ከ5 በላይ ሆኗል ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን አልቃሿን አስታውሱ። የአልቃሿ ኀዘን ብልኀት ቢሆን እንኳ የለቀስተኛው እንባ እውነት ነው። እንዲሁም የመኪናው ቍጣና ርኅራኄ ቀመር ቢሆንም፣ በፊቱ የተቀመጠችው እናት መከፋቷ እውነት ነው። አልቃሿ ግን ራሷ ሟች መሆኗን ታውቃለች፤ ሰውን የምታስለቅሰውም ሐዘኑ እንዲወጣለት ነው። የመኪና ሠሪም ሰውን ለምን እንደሚያስቅና እንደሚያስለቅስ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ አለበት። በርኅራኄና በብዝበዛ መካከል ያለችው የአንዲት ምልክት ልዩነት መሆኗን በዐይናችን አይተናልና።

ውድ ጓደኞቼ፤ በዚህ ሙያ ለመሠልጠን የምታስቡ ሒሳብ ተማሩ፤ ሰዋስው ተማሩ፤ ቴአትርም እዩ። ከዚያ ደግሞ ወደ ገበያ ውረዱና የሰው ፊት አጥኑ። የተከበራችሁ መምህራን፤ ሥራችን ትክክል መሆኑን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚሆን ጠይቁን። ክቡራን ወላጆች፤ ፊደል ባትቈጥሩም የምታውቁት ብዙ ነውና የልጆቻችሁን ሥራ መጥታችሁ ተመልከቱልን፤ የጐደለውንም ንገሩን።

ነጋዴአችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሸመተችው እናቴ ናት። ትናንት ተመልሳ መጥታ ተከራከረችው፤ ዋጋውን አልቀነሰላትም፤ ነገር ግን ዐይኑን ሰበር አድርጎ ምራቂ ጨመረላት። እርሷም ወደ እኔ ዘወር ብላ «አሁን ሰው መሰለ» አለችኝ።